ስለ ድረ ገጽ ቅጂዎች አቀማመጥ



በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ጊዜ በትምህርት ቤታችን ድረ ገጽ ላይ የደረሰውን ስሕተት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሒሳብ ፈተና ከሐሙስ ወደ ረቡዕ ተዛውሮ ሳለ ድረ ገጹ ለብዙ ሰዎች «ሐሙስ» እያለ ቀረ። ረቡዕ ጧት በፈተናው አዳራሽ ሰባት ወንበሮች ባዶ ሆኑ። ያን ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ለሰባቱ ጓደኞቻችን ፈተናው በሌላ ቀን ስለ ተሰጣቸው ጉዳቱ ከድንጋጤ አላለፈም። ቢሆንም ከስሕተቱ ያገኘሁት ትምህርት በእኔ ዘንድ ብቻ እንዳይቀር በማለት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ሀ. ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ

የኮምፒዩተር ክበባችን የድረ ገጹን ሥራ ከተረከበ ወዲህ ከተማሪዎችና ከወላጆች ዘወትር የምንሰማው አቤቱታ «ገጹ ቶሎ አይከፈትም» የሚል ነበር። ምክንያቱም ድረ ገጹ የሚገኝበት ዋናው ሰርቨር ያለው በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ ነው። ስለዚህ ድረ ገጻችንን በእንግሊዝኛ አጠራር ሲ ዲ ኤን ከሚባለው ከይዘት ማከፋፈያ መረብ ጋር አገናኘነው። ይህ መረብ በልዩ ልዩ አገሮች ቅርንጫፍ ሰርቨሮች አሉት፤ ቅርንጫፎቹም የድረ ገጹን ቅጂ እየያዙ በአቅራቢያቸው ላለው ሰው ይሰጣሉ። ይህ ቅጂ የማስቀመጥ ሥራ «ካሽ» ይባላል። (ገንዘብ ማለት ከሆነው ካሽ ጋር በድምፅ እንጂ በትርጉም አይገናኝም።)

መረቡን የማስተካከሉን ሥራ የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ። ፍጥነትን ብቻ ተመኝቼ፣ ሥዕሉም፣ ዜናውም፣ የፈተናው መርሐ ግብርም ሳይለይ፣ የሁሉም ቅጂ በቅርንጫፉም በጎብኚው ስልክም ላይ ለሰባት ቀን እንዲቀመጥ አዘዝሁ። ገጹም ፈጠነ፤ ሁሉም አመሰገነኝ።

ሰኞ ዕለት መምህራችን የፈተናውን ቀን አስተካከሉ። እሳቸው የሚሠሩት በቀጥታ በዋናው ሰርቨር ላይ ስለ ነበረ አዲሱን ጽሑፍ አዩ፤ ሌላው ሰው ግን ያየው አስቀድሞ የተቀመጠውን ቅጂ ነበር። ረቡዕ ከቀትር በኋላ የአንድ ጓደኛችን አባት መጥተው ስልካቸውን ለመምህራችን እያሳዩ፣ «መምህር፣ ልጄን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ይመልከቱት፣ ሐሙስ ይላል እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እኔም በዚያ ቆሜ እሰማ ነበር።

ለ. ቅጂ ለምን ያስፈልጋል

ከዚህ የተነሣ ቅጂ ማስቀመጥን እንዳንጠላው ጥቅሙን በቁጥር እንመልከት። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ 10,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህንንም ለ200,000 ብናካፍለው 0.053 ሰከንድ፣ ማለት 53 ሚሊ ሰከንድ እናገኛለን።

«ይህማ ምን አላት!» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንድ ገጽ ከመምጣቱ በፊት ሁለቱ ኮምፒዩተሮች አስቀድመው ይገናኛሉ፤ ቀጥለው የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው ሄዶ መልሱ የሚመጣው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሦስት ምልልስ፣ ማለት 159 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል። ይህም ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነው፤ እውነተኛው ገመድ ግን በየአገሩና በየባሕሩ እየዞረ ስለሚሄድ ጊዜው ይረዝማል። ቅርንጫፉ በናይሮቢ ቢሆን ግን ርቀቱ 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሦስቱ ምልልስ በዚሁ ስሌት 35 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይወስዳል።

ሁለተኛው ጥቅም ሸክም ማቃለል ነው። ውጤት በሚወጣበት ቀን ሺህ ሰው አንድን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ቢከፍት፣ ቅርንጫፉ ከዋናው ሰርቨር አንድ ጊዜ ብቻ ወስዶ ለሺሁ ያድላል። ዋናው ሰርቨርም ከመጨናነቅ ይድናል።

የዚህ አሳብ ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የዓለም አቀፉ ድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የመረቡ መጨናነቅ የሚቃለልበትን ዘዴ እንዲፈልጉ ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ። በዚያው ተቋም የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ቶም ሌይተንና ተማሪያቸው ዳንኤል ሌዊን ጥያቄውን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ያወጡት ዘዴ፣ ሥራውን ከሚከፋፈሉት ብዙ ሰርቨሮች አንዱ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ቦታቸውን የሚለውጡት ቅጂዎች ጥቂቶች ብቻ እንዲሆኑ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 አካማይ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ዳንኤል ሌዊን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከተጠለፉት አውሮፕላኖች በአንደኛው ተሳፍሮ ሳለ በ31 ዓመቱ ሞተ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ለምንል ለእኛ ይህ ታሪክ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ሐ. የሰፈሩ ሱቅ ምሳሌ

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። መርካቶን እንደ ዋናው ሰርቨር፣ የሰፈራችንን ሱቅ እንደ ቅርንጫፉ ሰርቨር አድርገን እንመልከት። አንድ ኪሎ ጨው የፈለገ ሰው ሁሉ መርካቶ ቢወርድ ቀኑ በመንገድ ባለቀ ነበር። ባለሱቁ አስቀድሞ አምጥቶ ስለሚያስቀምጥ ከደጃችን እናገኘዋለን።

ነገር ግን አስተዋይ ባለሱቅ ሁሉን ነገር በአንድ ዐይን አያይም። ጨው ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። ዳቦ ግን የዛሬው ለዛሬ ነው፤ የሦስት ቀን ዳቦ ለደንበኛ የሚሰጥ ባለሱቅ ስሙ ይጠፋል። ደግሞም ጎረቤት «ለእገሌ ስጥልኝ» ብሎ በአደራ ያስቀመጠው የታሸገ ደብዳቤ አለ፤ ይህ ለባለቤቱ ብቻ የሚሰጥ ነው እንጂ በመደርደሪያ ላይ ለመጣው ሁሉ አይዘረጋም።

በድረ ገጽም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ወገኖች በአንደኛው ውስጥ ይገባል። የትምህርት ቤቱ አርማ፣ የፊደሉ ቅርጽና ፎቶግራፎቹ ጨው ናቸው። ማስታወቂያውና የፈተናው መርሐ ግብር ዳቦ ናቸው። የተማሪው ውጤትና የወላጁ የክፍያ ሒሳብ ደብዳቤ ናቸው። የእኔ ስሕተት ምን ነበር ቢባል፣ ዳቦውን ከጨው ጋር አንድ ማድረጌ ነው። ስለዚህ መረቡን ከማዘዛችን በፊት ስለ እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል፤ ይኸውም፦ ይህ ነገር የማን ነው? በስንት ጊዜ ይለወጣል? አሮጌው ቢታይ ማን ይጎዳል?

መ. ትእዛዙ እንዴት ይጻፋል

ዋናው ሰርቨር ገጹን ሲልክ ከገጹ ጋር በዐይን የማይታይ ራስጌ አብሮ ይልካል፤ ይህም በደብዳቤ ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ስለ ቅጂ የሚናገረው ራስጌ «ካሽ ኮንትሮል» ይባላል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 አር ኤፍ ሲ 9111 በተባለው ሰነድ ታድሶ ወጥቷል። ዋና ዋናዎቹ ትእዛዞች የሚከተሉት ናቸው፤

1ኛ. «ማክስ ኤጅ»፤ ቅጂው ለስንት ሰከንድ ትኩስ ሆኖ እንደሚቆጠር ይናገራል። ለአንድ ቀን 86,400፣ ለአንድ ሳምንት 604,800፣ ለአንድ ዓመት 31,536,000 ተብሎ ይጻፋል።

2ኛ. «ኤስ ማክስ ኤጅ»፤ ይህም እንደዚያው ጊዜ ይወስናል፤ ነገር ግን የሚያዝዘው ብዙ ሰው የሚጋራውን ማከማቻ፣ ማለት ቅርንጫፉን ሰርቨር ብቻ ነው። የጎብኚው ብራውዘር የሚታዘዘው ለማክስ ኤጅ ነው። ይህን ልዩነት አለማወቄ ኋላ እንደምናየው ብዙ አስከፍሎኛል።

3ኛ. «ኖ ካሽ»፤ ስሙ «አታስቀምጥ» የሚል ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «አስቀምጥ፤ ዋናውን ሰርቨር ሳትጠይቅ ግን አትስጥ» ማለት ነው። ጥያቄው የሚፈጸመው ኢታግ በተባለው የቅጂው ምልክት ነው። ገጹ ካልተለወጠ ዋናው ሰርቨር 304 የተባለውን መልስ፣ ማለት «አልተለወጠም» የሚለውን ብቻ ይልካል እንጂ ገጹን በሙሉ አይደግመውም።

4ኛ. «ፕራይቬት»፤ የባለቤቱ ብራውዘር ሊያስቀምጠው ይችላል፤ የጋራው ቅርንጫፍ ግን እንዳያስቀምጠው ተከልክሏል።

5ኛ. «ኖ ስቶር»፤ ማንም በየትም እንዳያስቀምጠው ፈጽሞ የሚከለክል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ራስጌው ምንም ትእዛዝ ባይኖረው፣ ቅጂ የሚያስቀምጠው ክፍል በራሱ ግምት ጊዜ እንዲወስን ሕጉ ይፈቅድለታል። ዝም ማለት መከልከል አይደለም። ደግሞም ብዙዎቹ የማከፋፈያ መረቦች በራሳቸው የማስተካከያ ገጽ ላይ የዋናውን ሰርቨር ትእዛዝ የሚሽር ደንብ ማውጣት ያስችላሉ። እኔ ያወጣሁት ደንብ እንደዚህ ያለ ነበር፤ አንድ መስመር ሆኖ ሁሉን የሚገዛ። ስለዚህ እንደዚህ ያለውን ደንብ ከመጻፍ በፊት የሚነካቸውን ገጾች አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል።

ሠ. ስለ ቅጂው መለያ

ባለሱቁ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ ለይቶ እንደሚያስቀምጥ፣ ቅርንጫፉም እያንዳንዱን ቅጂ በመለያ ያስቀምጠዋል። መለያውም ብዙውን ጊዜ የገጹ አድራሻ ነው። አንዳንድ አድራሻ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ሌላ ቃል ይጨምራል፤ ለምሳሌ የተማሪውን መለያ ቁጥር።

አሁን አንድ ሰው ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው በመለያው ውስጥ እንዳይቆጠር አዘዘ እንበል። የውጤት ገጹም ቅጂው እንዲቀመጥ ተፈቅዷል እንበል። የመጀመሪያዋ ተማሪ ቁጥርዋን አስገብታ ውጤትዋን ታያለች፤ ቅርንጫፉም ቅጂውን ያስቀምጣል። ሁለተኛው ተማሪ የራሱን ቁጥር አስገብቶ የእርስዋን ውጤት ያያል። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አገኙ ማለት ነው!

በተቃራኒው ደግሞ የማይረባው ሁሉ ቢቆጠር ሌላ ጉዳት አለ። በፌስቡክ የተላለፈ አድራሻ ሲከፈት በመጨረሻው ላይ ረጅም ምልክት ይጨመርበታል። ምልክቱ በየጊዜው ስለሚለያይ ቅርንጫፉ አንዱን ገጽ እንደ ሺህ ገጽ ቆጥሮ ለእያንዳንዱ ወደ ዋናው ሰርቨር ይሮጣል። እንግዲህ ገጹን የሚለውጠው ቃል ይቆጠር፤ የማይለውጠው ይተው።

ደብዳቤውን ከጨው ጋር መቀላቀል የሚያመጣው ጉዳት ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥም ደርሷል። በታኅሣሥ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 25 ቀን 2015፣ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያስተዳድረው ስቲም የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ መደብር በጠላት ጥቃት ተጨናነቀ። ጭነቱን ለማቃለል የቅጂ አቀማመጡ ደንብ በችኮላ ተለወጠ፤ ከተለወጡትም ደንቦች አንዱ በስማቸው ለገቡ ደንበኞች የተዘጋጁትን ገጾች ሳይቀር የሚያስቀምጥ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው መደብሩን ሲከፍት የሌላ ሰው ገጽ ይታየው ጀመር። ኩባንያው በኋላ እንደ ገለጸው፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የ34,000 ያህል ደንበኞች ገጾች በሌሎች ዘንድ ሳይታዩ አልቀሩም። በገጾቹም ላይ የኢሜል አድራሻ፣ የሒሳብ መላኪያ አድራሻና የግዢ ታሪክ ይገኙ ነበር፤ የምስጢር ቃልና ሙሉው የባንክ ካርድ ቁጥር ግን አልነበሩም። ደንቡን የጻፉት በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ችኮላ ሲጨመርበት ዐዋቂም ይሳሳታል።

ረ. ቅጂን ስለ መጥረግ

አሁን ወደዚያ ወደ ረቡዕ ልመለስ። የጓደኛችን አባት ሲናገሩ እንደ ሰማሁ ሮጬ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ሄድሁና በቅርንጫፎቹ ያለው ቅጂ ሁሉ እንዲጠረግ አዘዝሁ። ጥቂት ቆይቼ በሌላ ስልክ ብከፍተው «ረቡዕ» አለ። ደስ ብሎኝ ወደ እሳቸው ተመለስሁ። እሳቸው ሲከፍቱት ግን አሁንም «ሐሙስ» ይላል!

ምክንያቱን ለማወቅ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። መረቡ መጥረግ የሚችለው የራሱን ቅርንጫፎች ብቻ ነው፤ በሰው ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ሥልጣን የለውም። እሳቸው ገጹን የከፈቱት ቅዳሜ ነበር፤ እኔም ለብራውዘሩ ሰባት ቀን ስለ ፈቀድሁለት ስልካቸው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ማንንም ሳይጠይቅ አሮጌውን ሊያሳያቸው ይችል ነበር። ባለሱቁ የራሱን መደርደሪያ ቢያጸዳ ደንበኛው ወስዶ በጓዳው ያስቀመጠውን ዳቦ መመለስ አይችልም።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ የምንሠራበት ሥርዓት የሚከተለው ነው፤

ለመርሐ ግብርና ለማስታወቂያ፦ ማክስ ኤጅ 0፣ ኤስ ማክስ ኤጅ 300። ብራውዘሩ በተከፈተ ቁጥር ቅርንጫፉን ይጠይቃል፤ ቅርንጫፉም ቅጂውን ለ300 ሰከንድ፣ ማለት ለአምስት ደቂቃ ይይዛል። ገጹ ሲለወጥ ደግሞ የቅርንጫፉን ቅጂ ወዲያው እንጠርጋለን።

ለአርማና ለፎቶግራፍ፦ ማክስ ኤጅ 31,536,000። ሥዕሉ ሲለወጥ ግን የአሮጌውን ስም አንሰጠውም፤ «አርማ 1» የነበረው «አርማ 2» ይባላል። አዲስ ስም ያለው ነገር አሮጌ ቅጂ ሊኖረው አይችልምና።

ለተማሪ ውጤትና ለክፍያ ሒሳብ፦ ኖ ስቶር።

ሰ. ሥራውን ስለ መመርመር

መምህራችን አዲሱን ገጽ ማየታቸው ሌሎቹም ያዩታል ማለት አልነበረም። ስለዚህ የሠራ ሰው ሥራውን እንደ እንግዳ ሆኖ መመርመር አለበት፤ በስሙ ሳይገባ፣ በሌላ ስልክ፣ በሌላ መስመር። በመልሱ ራስጌ ላይ «ኤጅ» የሚለው ቅጂው ከስንት ሰከንድ በፊት እንደ ተገኘ ይናገራል። ብዙዎቹ መረቦችም «ሂት» ወይም «ሚስ» የሚል ቃል ይጨምራሉ፤ ሂት ማለት ከቅርንጫፉ ቅጂ የተሰጠ፣ ሚስ ማለት ቅርንጫፉ ስላልነበረው ከዋናው ሰርቨር የመጣ ነው። የውጤት ገጽ ላይ ሂት ያየ ሰው ሌላውን ሥራ ትቶ ወዲያው ደንቡን ይመርምር።

ለወላጆችም አንድ ነገር አድርገናል። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ግርጌ ጽሑፉ የታደሰበትን ቀንና ሰዓት እንጽፋለን። ቀኑ የቆየ ሆኖ የታያችሁ እንደ ሆነ ገጹን እንደገና አስጭኑት፤ አሁንም ካልተለወጠ ለትምህርት ቤቱ ስልክ ደውሉ። እኛ መጥረግ የማንችለውን ቅጂ ማየት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ለአንባቢ መልመጃ

1ኛ. የቤተ መጻሕፍታችን የአዲስ መጻሕፍት ዝርዝር በየሰኞው ይለወጣል። ጨው ነው ወይስ ዳቦ? ማክስ ኤጅና ኤስ ማክስ ኤጅ ስንት ስንት ይሁኑ?

2ኛ. አንድ ተማሪ የአርማውን ሥዕል ለውጦ ስሙን ግን እንደ ነበረ ተወው። ማክስ ኤጁ አንድ ዓመት ቢሆን ትናንት ገጹን የከፈተ ሰው ዛሬ ምን ሊያይ ይችላል? ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተውስ?

3ኛ. የወላጆች ስብሰባ ሰዓት ነገ ጧት እንደሚለወጥ ዛሬ ማታ ቢነገራችሁ አስቀድማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

መልሱን ጽፎ ለኮምፒዩተር ክበብ ለሚያመጣ ሁሉ አብረን እንመረምርለታለን። ሰባቱ ጓደኞቼ ደግሞ ሦስተኛውን ጥያቄ ከእኔ ቀድመው እንደሚመልሱት አልጠራጠርም።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከኮምፒዩተር ክበብ